የሕፃናት ዱቄት ወተት የመቆያ ጊዜ ሲሰላ የሚሠሩ ስህተቶች

ያልተከፈተ የሕፃናት ዱቄት ወተት አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 24 ወር እንዲቆይ ተደርጎ ይሠራል። ምርቱን ይዞ ሁለት ዓመት የሚጠብቅ አምራች ስለሌለ ብልሽቱ እንዲፈጥን ናሙናው ሙቀት ካቢኔ ውስጥ ይገባና የቀረው በስሌት ይሞላል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሚያሳስተው ወደ ስሌቱ የሚገባው ቁጥር ነው።

40 ዲግሪን “የፈጠነ 25 ዲግሪ” አድርጎ ማየት። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። በተለመደው ፎርሙላ ከዱቄቱ ግማሽ ያህሉ ላክቶስ (የወተት ስኳር) ነው፤ ሲደርቅ እንደ መስታወት ጠጥሮ ቅባቱን አቅፎ ይቀመጣል። ፍጹም ደረቅ ላክቶስ የሚለሰልሰው 100 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል ውሃ ከያዘ ግን 40 ዲግሪም ይበቃዋል። ያኔ ይጣበቃል፣ ክሪስታል ይሠራል፣ የያዘውን ውሃ ይለቃል፣ ቅባቱን ወደ ውጭ ይገፋል። የወጣውን ቅባት ኦክስጅን ያገኘዋል፤ የተለቀቀው ውሃ ደግሞ ላክቶሱ ከፕሮቲኑ ጋር የሚያደርገውን ምላሽ ያፋጥናል። ቆርቆሮው ሲከፈት ማንኪያ የማይበሳው ቡናማ ጓል ይገኛል። 25 ዲግሪ ላይ የከረመው ግን ልቅ እንደሆነ ነው። እነዚህን ሁለቱን በአንድ መስመር ማያያዝ አይቻልም። ናሙናው ከጓጎለ ወይም ክሪስታል ከሠራ ያንን ነጥብ ከስሌቱ አውጡት።

የፍጥነቱን እጥፍ ከመጽሐፍ መቅዳት። ቫይታሚን ሲ በ40 ዲግሪ በ3 ወር ከዝቅተኛው ልክ ደረሰ እንበል። በየ10 ዲግሪው ፍጥነቱ 2 እጥፍ ይሆናል ካላችሁ በ25 ዲግሪ 8.5 ወር ይቆያል፤ 3 እጥፍ ካላችሁ 15.6 ወር። ናሙናው ያው ነው፣ የተለየው ግምቱ ብቻ ነው። ቢያንስ በሦስት ሙቀት (ለምሳሌ 25፣ 30 እና 37) ለክታችሁ እጥፉን ከራሳችሁ ምርት አውጡ።

በአማካይ ሙቀት ማስላት። ከጅቡቲ ወደብ የሚነሳ ኮንቴይነር ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ሐሩር ከ40 ዲግሪ በላይ ያያል፤ አዲስ አበባ መጋዘን ሲገባ 20 ይሆናል። እኩሌታውን ጊዜ በ20፣ እኩሌታውን በ40 ያሳለፈ ዱቄት አማካዩ 30 ነው። ነገር ግን በ2 እጥፍ ሒሳብ ጉዳቱ ሁልጊዜ 30 ላይ ከቆመው በ25 በመቶ ይበልጣል።

ኦክስጅኑን በማሸጊያው ቀን ብቻ መለካት። ናይትሮጅን ተነፍቶበት የታሸገ ቆርቆሮ በዕለቱ ጥሩ ቁጥር ያሳያል። በዱቄቱ ቅንጣቶች ውስጥ የታመቀው አየር ግን ቀስ እያለ ስለሚወጣ ከቀናት በኋላ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ከሳምንት በኋላ ድገሙት። ዱቄቱን በሰሃን ዘርግቶ መፈተንም እንዲሁ ያሳስታል፤ በታሸገ ቆርቆሮ ውስጥ ኦክስጅኑ ስለሚያልቅ ብልሽቱ እየዘገየ ይሄዳል፣ በሰሃን ላይ ግን አያልቅም።

በፐርኦክሳይድ ቁጥር ብቻ መፍረድ። የቅባቱን የመጀመሪያ ብልሽት የሚያሳየው ይህ ቁጥር ወጥቶ ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ዝቅ ያለ ውጤት ትኩስ ዱቄት ወይም ጨርሶ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ሄክሳናልን (ቅባት ሲበላሽ የሚፈጠር ጠረን ያለው ውህድ) አብራችሁ ለኩ፣ ለብ ባለ ውሃ በጥብጣችሁም አሽትቱ። ዲኤችኤ (የኦሜጋ-3 ቅባት ዓይነት) የተጨመረበት ዱቄት የዓሣ ጠረኑን ከመሣሪያው ቀድሞ ለአፍንጫ ሊናገር ይችላል።

ከመለያው ቁጥር መነሳት። ስሌቱ የሚጀምረው በቤተ ሙከራ ከተለካው መጠን ነው፤ የሚያበቃውም በሕግ ከተቀመጠው ዝቅተኛ ልክ ላይ ነው። በኮዴክስ (ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃዎች) ይህ ልክ ለቫይታሚን ሲ በ100 ኪሎካሎሪ 10 ሚሊግራም ነው። “ብዙ እንጨምርበት” የሚለው መፍትሔ ለቫይታሚን ኤ አይሠራም፣ እሱ ጣሪያም አለው፦ በዚያው 100 ኪሎካሎሪ ከ60 እስከ 180 ማይክሮግራም።

ከተከፈተ በኋላ ያለው ጊዜ ሌላ ፈተና ይፈልጋል፤ ብዙ አምራቾች አንድ ወር ገደማ ይሰጡታል። ክሮኖባክተርን፣ ሕፃናትን በጠና የሚያሳምመውን ባክቴሪያ፣ በዚህ ስሌት ውስጥ አትፈልጉት። በደረቅ ዱቄት አይራባም፣ ግን ለረጅም ጊዜ ሳይሞት ይቆያል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውሃ በጥብጡ የሚለውም ለዚሁ ነው።

ትንበያው ካለቀ በኋላም ቢያንስ ከሦስት ባች (የምርት ዙር) የተወሰዱ ናሙናዎች በ25 እና በ30 ዲግሪ ይቀመጡና በ3፣ 6፣ 9፣ 12፣ 18 እና 24 ወር ይፈተሹ። እነሱ ከስሌቱ ቀድመው ከወደቁ በቆርቆሮው ላይ የሚታተመው ቀን ያጥራል።