ሐይቅ ላይ መረብ ለሚጥል

ሐይቅ የሚባለው የወሎው ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማታ የጣልኩትን መረብ ጎህ ሲቀድ አወጣለሁ፤ ረፋድ ላይ ዓሣው ደሴ ነው። ሥራውን ልጀምር ያለ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ጀልባ ነው። ጀልባ ይከራያል ወንድሜ። ጣጣው መረቡ ላይ ነው።

መረብ ስትገዛ አንዷን ዓይን ወጥረህ ከአንዱ ቋጠሮ ፊት ለፊቱ እስካለው ቋጠሮ በማስመሪያ ለካ። እኔ ለቆሮሶ (ቲላፒያ ለሚሉት ዓሣ) ከ10 ሴንቲሜትር በታች አልይዝም። ዓሣው ጭንቅላቱን ያስገባል፣ ሆዱ አያሳልፈውም፣ ወደ ኋላ ልመለስ ሲል ክሩ ስንጥቡ (ጭንቅላቱ ጎን ያለው መተንፈሻው) ላይ ይይዘዋል። ትንሹ ሾልኮ ይሄዳል። ይሂድ።

ይህን በነጻ አልተማርኩም። አንድ ጊዜ ዓይኑ ጠባብ፣ ክሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ መረብ በርካሽ ገዛሁ። ሻጩ «ምንም አያመልጠውም» አለኝ። አልዋሸም! መዳፍ የማታክል ቆሮሶ በጆንያ ሞላሁ። ግን ፊሌቶ የማይወጣውን ዓሣ ማን ይገዛል? የሰፈሩ ድመት ሁሉ ጠገበ። ይባስ ብሎ አንዷን ስፈታ አፏ በእንቁላል ተሞልቷል። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏንም ጫጩቶቿንም አፏ ውስጥ ነው የምታሳድገው። ቆሮሶ እዚህ የነበረ ዓሣ አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው አምጥተው የጨመሩት። ያን መረብ አሁን የዶሮ ቤቴን አጥሬበታለሁ።

አጣጣሉ ቀላል ነው። ከላይ ጠርዙ ላይ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ከታች ድንጋይ እሰር። ጫፉ ላይ ለምልክት ቢጫ ጀሪካን። ሐይቁ መሀሉ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ቆሮሶ ግን ዳር ዳሩን ነውና አትድከም። መረቡን እንደ ልብስ ገመድ አትወጥረው፣ ትንሽ ይላላ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውሃው ላይ ሁን። መረብ ውስጥ ሞቶ የቆየ ዓሣ ሥጋው ይላሽቃል። ወዲያው ሆድ ዕቃውን አውጣ፣ እጠብ፣ በረዶ ካለህ በረዶ፣ ከሌለህ ጥላ ሥር እርጥብ ጆንያ አልብሰው። በጾም ፈላጊው ይበዛል (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ለካህናቱ ትቻለሁ)፤ ያኔ ያደረውን ቀላቅሎ መሸጥ ያጓጓል። ደሴ ምግብ ቤት ያላት ደንበኛዬ ግን ስንጥቡን እየገለጠች ሳታይ ሚዛን አታስነካኝም። ቀይ ከሆነ ትወስዳለች። ቡናማ ካየች «ይቺን ለቤትህ» ብላ ትመልስልኛለች።