የአሮጌ ትራክተር ሎደር ሲንቀረፈፍ፦ ፓምፑን ከመቀየርዎ በፊት የቱቦ መጋጠሚያዎቹን እንዴት እንደሚፈትሹ

አሮጌ ትራክተር ላይ የተገጠመ ሎደር፣ ማለትም ባልዲ የሚያነሳው ክንድ፣ ሲንቀረፈፍ ቶሎ የሚጠረጠረው ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ነው። ፓምፕ ግን ውድ ነው፤ በአንዳንድ ትራክተሮች ላይ ደግሞ ከማርሽ ሳጥኑ ውስጥ ስለሚቀመጥ ለማውጣት ብዙ ነገር መፍታት ይጠይቃል። ስለዚህ መጀመሪያ በእጅ የሚደረሱትን የቱቦ መጋጠሚያዎች፣ ብዙዎች ኮፕሊንግ የሚሏቸውን፣ መፈተሽ ይሻላል።

1. ሎደሩ ያጣው ፍጥነት ነው ወይስ ጉልበት?

ሥራው ሁሉ የሚመሠረተው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ፍጥነት የሚመጣው በደቂቃ ከሚፈሰው የዘይት መጠን፣ ጉልበት የሚመጣው ከግፊት ነው። የጠበበ መጋጠሚያ የሚቀንሰው ፍጥነትን ነው። ክንዱን በዘይት ግፊት የሚገፋው ሲሊንደር ሸክም ከብዶት ቀጥ ብሎ ሲቆም ዘይቱ አይፈስም፤ በማይፈስ ዘይት ላይ ደግሞ ጥበት ግፊት አይቀንስም። እንግዲያው ሎደሩ ከባዱን ሸክም ቀስ እያለም ቢሆን የሚያነሳ ከሆነ መጋጠሚያውን ይጠርጥሩ። ባዶውን ባልዲ ቶሎ አንስቶ ሸክም ሲይዝ እምቢ የሚል ከሆነ ግን ችግሩ ያለው ሪሊፍ ቫልቩ (ግፊት ሲበዛ ዘይት የሚለቀው)፣ የሲሊንደሩ ማሸጊያ ጎማዎች ወይም ያረጀው ፓምፕ ጋ ነው።

ፍጥነቱን በግምት አይለፉት፤ ዘይቱ ሞቆ፣ ሞተሩ በሥራ ዙር ላይ ሆኖ፣ ባልዲው ባዶ እያለ ክንዱ ሙሉ ለመነሳት የሚወስደውን ጊዜ በሰዓት ይለኩ። ለምሳሌ የውስጥ ስፋታቸው ከጎን ወደ ጎን 63 ሚሊሜትር የሆነ፣ 500 ሚሊሜትር የሚዘረጉ ሁለት ሲሊንደሮች ሙሉ ለመዘርጋት 3.1 ሊትር ያህል ዘይት ይፈልጋሉ። በደቂቃ 20 ሊትር የሚሰጥ ፓምፕ ይህን ከ9 ሰከንድ ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ይሞላል። እንዲህ ያለ ሎደር 9 ሰከንድ ያህል ከወሰደ ደህና እየሠራ ነው፤ የፓምፑ አቅም ያው ስለሆነ መጋጠሚያ ቢቀይሩም አይፈጥንም። 16 ወይም 18 ሰከንድ ከወሰደ ግን ዘይቱ መንገድ ላይ እየቀረ ነው።

2. ግፊቱን ያስወጡ

ባልዲውን መሬት ላይ ያሳርፉ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ማንሻዎቹን በሁሉም አቅጣጫ ደጋግመው ያንቀሳቅሱ። በተነሳ የሎደር ክንድ ሥር ፈጽሞ አይግቡ። የሚያፈስ ቦታ ሲፈልጉ በካርቶን እንጂ በእጅዎ አይዳብሱ፤ ከመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያውኑ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ድንገተኛ አደጋ ነው።

3. መጋጠሚያውን ይመርምሩ

ፈጣን መጋጠሚያ፣ ማለትም ያለ መፍቻ በእጅ የሚገጠምና የሚነቀል፣ ሁለት ግማሾች አሉት፤ በእያንዳንዱ ውስጥ በሞላ የሚዘጋ ቫልቭ አለ፤ ሲገጥሙ አንዱ ሌላውን ገፍቶ ይከፍታል። አሮጌ ትራክተሮች ላይ ብዙ ጊዜ የፋብሪካው የራሱ ቅርጽ ያለው ግማሽ እንዳለ ሆኖ፣ በሌላው በኩል አዲስ ዓይነት ይገጠምበታል። ሁለቱ ይቆለፋሉ፤ ግን ቫልቮቹ ሙሉ በሙሉ ላይከፈቱ ይችላሉ። የዘይቱ ፍሰት ራሱ ቫልቩን ገፍቶ ሲዘጋው ደግሞ ሎደሩ በአንድ አቅጣጫ ደህና ሄዶ በሌላው ይቆማል። እንዲህ ያለ ምልክት ካዩ ሁለቱን ግማሾች አንድ ዓይነት አድርገው በጥንድ ይቀይሩ።

አልገባ ካለ በመዶሻ አይምቱት። ፀሐይ ላይ የቆየ ቱቦ ውስጥ ያለው ዘይት ሲሞቅ ይሰፋና ቫልቩን ከውስጥ ይገፋል፤ መፍትሔው ግፊቱን ማስወጣት ነው። ከመግጠምዎ በፊት ሁለቱንም ጫፍ በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። በብዙ አሮጌ ትራክተሮች የሃይድሮሊኩና የማርሽ ሳጥኑ ዘይት አንድ ነው፤ እዚህ የገባ አሸዋ እዚያ ይደርሳል።

ለጥርጣሬ ጥሩ ማረጋገጫ ሙቀት ነው። መንገድ ላይ የጠፋ ግፊት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ጥቂት ከሠሩ በኋላ መጋጠሚያዎቹን በርቀት በሚለካ ቴርሞሜትር ያነጻጽሩ፤ ከጎረቤቶቹ ይልቅ የጋለው እሱ ነው የጠበበው።

4. ስፋቱን ያመሳስሉ

የቀዳዳው ስፋት ከጎን ወደ ጎን በግማሽ ሲቀንስ ዘይቱ የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ሩብ ይሆናል፤ ዘይቱ በ4 እጥፍ ፍጥነት መሮጥ አለበት፤ በዚያ ቦታ የሚጠፋው ግፊት ወደ 16 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ግማሽ ኢንች ቱቦ መካከል አንድ ጠባብ አስማሚ መግባቱ ቀላል ነገር አይደለም። ሎደሩ ከትራክተሩ የማይነቀል ከሆነ በእኔ እምነት ፈጣን መጋጠሚያውን ጭራሽ አስወግዶ በጥርስ የሚጠብቅ መደበኛ መገጣጠሚያ ማድረግ የተሻለ ነው።

5. ጥርሱን ለይተው ይግዙ

የግማሽ ኢንች ቢኤስፒ (የእንግሊዝ የቱቦ ጥርስ ዓይነት) እና የግማሽ ኢንች ኤንፒቲ (የአሜሪካው) ሁለቱም በኢንች 14 ጥርስ አላቸው፤ የመጀመሪያው ማዕዘኑ 55፣ የሁለተኛው 60 ዲግሪ ነው። ስለዚህ መግባት ይጀምራሉ፤ ግን ያፈሳሉ። የድሮውን ናሙና ይዘው ይሂዱ። ሾጣጣ ጫፎች እርስ በርስ ተገናኝተው በሚዘጉት መገጣጠሚያ ላይ ቴፕ አይጠቅልሉ፤ የሚዘጋው ጫፉ እንጂ ጥርሱ አይደለም፣ የተበጠሰ ቴፕም ቫልቭ ውስጥ ይገባል።

6. እንደገና ይለኩ

አየሩ እንዲወጣ ሎደሩን ደጋግመው ከፍ ዝቅ ያድርጉ፣ ዘይቱን ሞልተው በሰዓት ይለኩ። ለውጥ ከሌለ አሁን የግፊት ጌጅ ይግጠሙ፣ ሲሊንደሩን እስከ መጨረሻው ገፍተው ለአፍታ ያንብቡና ከመመሪያው ጋር ያነጻጽሩ። ብዙ አሮጌ ትራክተሮች ከ140 እስከ 170 ባር አካባቢ ይሠራሉ። ሪሊፍ ቫልቩን ግን መመሪያው ከሚለው በላይ አያጥብቁ፤ ተጨማሪውን ጫና የሚሸከሙት የሎደሩ ክንዶች፣ ቱቦዎቹና የትራክተሩ የፊት አክስል ናቸው።