ከልጆች ጋር ወደ አዲስ አበባ ስትበሩ

ከዋሺንግተን ዳለስ አዲስ አበባ በቀጥታ በረራ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አብዛኞቻችን ግን ከጉዞው በፊት የምንጨነቀው ለሻንጣው ነው፤ ለአክስት ጫማ፣ ለአጎት ቫይታሚን፣ ለጎረቤት ሽቶ። ልጆቹ ምን ይበላሉ፣ እንዴት ይተኛሉ የሚለው የሚነሳው በመጨረሻው ምሽት ነው። እባካችሁ መጀመሪያ እነሱን አስቡ።

ሐኪም ጋ የሚኬደው ከበረራው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በፊት ነው። ከ6 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን ከአሜሪካ ሲወጣ የኩፍኝ ክትባት ከመደበኛው ጊዜ ቀድሞ እንዲሰጠው ይመከራል። ስለ ወባም ጠይቁ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ወባ አያሰጋችሁም፤ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ለመሄድ ካሰባችሁ ግን ለሐኪሙ ንገሩት፣ መድኃኒቱ ከጉዞው በፊት መጀመር አለበት።

የልጁ መድኃኒት በእጅ ቦርሳ ይሁን፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱት። ቅያሪ ልብስ ለልጁም ለራሳችሁም ያዙ፤ ትውከቱ የሚያርፈው እናንተ ላይ ነውና። የ100 ሚሊ ሊትሩ ገደብ የሕፃን ወተትን አይመለከትም፤ የጡት ወተትም ሆነ የዱቄት ወተት ከዚያ በላይ መያዝ ይቻላል፣ ፍተሻው ላይ ብቻ ቀድማችሁ ተናገሩ። ለሕፃን የሚሆነውን ተንጠልጣይ አልጋ ደግሞ አየር መንገዱ ጋ ደውላችሁ በጊዜ አስይዙ፣ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል።

አውሮፕላን ውስጥ አየሩ በጣም ደረቅ ነው። ልጆች ጠማኝ እስኪሉ አትጠብቁ፣ ትንሽ ትንሽ ውሃ ቶሎ ቶሎ ስጧቸው። እናት የጋገረችውን ድፎ ዳቦና ሙዝ መያዝ ጥሩ ነው። ቆሎና ለውዝ ግን ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ። ትን ሊለው ይችላል፣ ሰማይ ላይ ደግሞ ሆስፒታል የለም።

ጆሮ የሚያመው በብዛት አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ነው። ልጁ ተኝቶ ከሆነ ያሳዝናል፣ ግን ቀስቅሱት፣ በእንቅልፍ ላይ ብዙ አይውጥምና። ሕፃን ጡት ወይም ጡጦ ይጥባ፤ ከፍ ያለው ማስቲካ ያኝክ። ጉንፋን ወይም የጆሮ ሕመም ካለበት ሳትበሩ ሐኪም ይየው።

«የአለርጂ ሽሮፕ ስጡት፣ ለጥ ብሎ ይተኛላችኋል» የሚሏችሁን አትስሙ። አንዳንዱን ልጅ ጭራሽ ያቅበጠብጠዋል፣ መጠኑ ካለፈ ደግሞ አደገኛ ነው። ይልቅ ሁለት ወላጆች ከሆናችሁ በተራ ተኙ። ልጁ ሲነጫነጭ በመተላለፊያው አንድ ሁለቴ አመላልሱት፤ ቢያለቅስም ያልቅስ፣ የሰው ዓይን ፈርታችሁ አትቆጡት፣ የእናንተ ድንጋጤ ወዲያው ይጋባበታል።

ከደረሳችሁ በኋላ ያለው ቀን ከበረራው አያንስም። ለገና ከሄዳችሁ የሰዓት ልዩነቱ 8 ሰዓት ነው። ልጃችሁ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ራት ቢጠይቅ አትገረሙ፣ ለሆዱ ገና ምሽት 12 ሰዓት ነው። ቀለል ያለ ነገር አብሉት፣ መብራቱን ቀንሱ፣ ስልክ አትስጡት። ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጡት፤ የቀን እንቅልፉም አጭር ይሁን።

ዘመድ ደግሞ ናፍቆ ነው የሚጠብቀው፣ ቤቱ በመጀመሪያው ማታ ይሞላል። ሳትነሱ በፊት ደውሉ፤ «እማዬ፣ የመጀመሪያውን ቀን ልጆቹ ይረፉበት፣ ድግሱን ከሁለት ቀን በኋላ አድርጊው» በሏት። ከፍታውም ትንሽ ያደክማቸዋል። ጉርሻ ሲበዛ በፍቅር አስቁሙ። ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተትና ሰላጣ ይቅርባቸው፤ ጥርስ የሚቦርሹበት ውሃ ሳይቀር የታሸገ ወይም የፈላ ይሁን።

ተቅማጥ ከመጣ ኦ አር ኤስ (የወጣውን ፈሳሽ የሚተካ የጨውና የስኳር ዱቄት) ከማንኛውም ፋርማሲ ታገኛላችሁ። ማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውሃ በጥብጡና በማንኪያ ቀስ እያላችሁ አጠጡት። ሰገራው ላይ ደም ካያችሁ፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ሽንቱ ከጠፋ ወይም ከፈዘዘ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት።