ኬብሉ ተሰክቶ ቨርቹዋል ማሽኑ አላነብ ሲል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቃሊቲ፣ በቱሉ ዲምቱና በገላን ወርክሾፖች የሚሠራ ቴክኒሽያን ይህን ችግር ያውቀዋል። ማሽኑ ደህና ነው፤ የሚያዝበት ሶፍትዌር ግን ከዊንዶውስ ኤክስፒ ውጭ አይነሳም። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ በ2014 እ.ኤ.አ. ስላቆመ፣ ኔትወርኩን አጥፍቶ ቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን፣ የሚፈጥር ፕሮግራም) ውስጥ ማስነሳቱ ትክክለኛ መላ ነው። ጣጣው የሚመጣው ኬብሉ ሲሰካ ነው። አብዛኛው ችግር ደግሞ ከአንድ ነገር ይነሳል፦ ፖርቱ በዚያች ሰዓት በማን እጅ እንዳለ አለማወቅ።

ዋናው ስህተት አንዱን ኬብል በሁለት መንገድ መስጠት ነው። ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል (የድሮ ማሽኖች መረጃ የሚለዋወጡበት መስመር) የሚቀይረውን ኬብል ለኤክስፒ ማድረስ የሚቻለው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ የዩኤስቢ ዕቃውን እንዳለ ማስረከብ ነው፤ ያኔ ድራይቨሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ኬብሉን እንዲያውቀው የሚያደርገው ፕሮግራም፣ የሚጫነው ኤክስፒ ውስጥ ነው። ሁለተኛው፣ ድራይቨሩን ዋናው ኮምፒውተር (ቨርቹዋል ማሽኑን የያዘው) ላይ ጭኖ፣ በቨርቹዋል ማሽኑ የሲሪያል ፖርት ሴቲንግ ውስጥ የዋናውን ኮምፒውተር ፖርት፣ ለምሳሌ ኮም 3ን (ዊንዶውስ ሲሪያል ፖርቶችን ኮም ብሎ በቁጥር ይጠራቸዋል)፣ ማያያዝ ነው። ሁለቱን ባንድ ላይ ካደረጋችሁ ዩኤስቢው ወደ ኤክስፒ ሲገባ ኮም 3 ከዋናው ኮምፒውተር ላይ ይጠፋል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ቨርቹዋል ማሽኑ ፖርቱን አጥቶ አልነሳም ሊል ይችላል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ለኤክስፒ የሚሆን ድራይቨር ስትፈልጉ አትውሉም፤ ኤክስፒ የሚያየው ድሮ የሚያውቀውን ተራ ኮም 1 ነው። ሶፍትዌሩ የላይሰንስ ዶንግል (ፈቃዱን የያዘ የዩኤስቢ ቁልፍ) የሚጠይቅ ከሆነ ወይም ሥራችሁ ስልክ ፍላሽ ማድረግ (የስልኩን ሶፍትዌር እንደገና መጫን) ከሆነ ግን ዩኤስቢውን እንዳለ ከማስረከብ ሌላ አማራጭ የለም።

ሌላው ስህተት ፖርቱን ዋናው ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ መተው ነው። ዊንዶውስ አንድን ሲሪያል ፖርት ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ነው የሚከፍተው። ከበስተጀርባ የቀረ አንድ ተርሚናል (በፖርቱ ጽሑፍ የሚልክና የሚቀበል ፕሮግራም) ካለ ቨርቹዋል ማሽኑ ምንም አያገኝም። ኡቡንቱ 22.04 (የሊኑክስ ዓይነት) ለምትጠቀሙ ደግሞ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ፦ ለዓይነ ስውራን የብሬይል ማሳያ የተሠራው ብሬልቲቲዋይ (brltty) የሚባለው ፕሮግራም በሲኤች 340 (CH340) ቺፕ የሚሠራውን ርካሽ ኬብል የብሬይል ማሳያ መስሎት ይይዘዋል። የብሬይል ማሳያ የማትጠቀሙ ከሆነ አጥፉት። እንዲሁም ሊኑክስ ላይ ዩዘራችሁን ለሲሪያል ዳያልአውት (dialout)፣ ለዩኤስቢ ደግሞ ቪቦክስዩዘርስ (vboxusers) ወደሚባለው ግሩፕ ጨምሩ። ከዚያ ሎግ አውት ብላችሁ እንደገና ካልገባችሁ ለውጡ አይሠራም።

በቨርቹዋል ማሽኑ ሴቲንግ ውስጥ ለኤክስፒ ዩኤስቢ 3.0 ኮንትሮለር መምረጥም የተለመደ ስህተት ነው። ኤክስፒም ሆነ ዊንዶውስ 7 ለዚህ አብሮ የተሠራ ድራይቨር የላቸውም። 1.1 ወይም 2.0 ምረጡ። ከቨርቹዋልቦክስ 7.0 በፊት ያለ ቨርዥን ከሆነ 2.0ም ኤክስቴንሽን ፓክ (ለብቻው የሚጫን የቨርቹዋልቦክስ ተጨማሪ) ይጠይቃል፤ የፓኩና የቨርቹዋልቦክሱ ቨርዥን መመሳሰል አለበት።

ስልክ የሚሠሩ ልጆችን የሚያስቸግረው የዩኤስቢ ፊልተሩ፣ ማለትም የትኛው ዕቃ ሲሰካ በራሱ ወደ ቨርቹዋል ማሽኑ እንደሚገባ የሚወስነው ሴቲንግ፣ ነው። ስልኩ በርቶ ሳለ የሚያሳየው መለያ ቁጥርና ፋስትቡት (ስልኩ ፍላሽ የሚደረግበት ሞድ) ሲገባ የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። ፊልተሩ የመጀመሪያውን ብቻ ካወቀ፣ ስልኩ መሀል ላይ ሞድ ሲቀይር ወደ ዋናው ኮምፒውተር ይመለስና ፍላሹ ይቆማል። መፍትሔው ስልኩን በየሞዱ እያስገቡ ለእያንዳንዱ የራሱን ፊልተር መጨመር ነው። አንዳንዱ ምንም መለያ ያልተሞላበት ባዶ ፊልተር ይሠራል፤ ይህ ከዚያ በኋላ የሚሰካውን ዩኤስቢ በሙሉ፣ ማውስም ይሁን ኪቦርድ፣ ለቨርቹዋል ማሽኑ ያስረክበዋል።

በቨርቹዋልቦክስ ፋንታ ሃይፐር-ቪ (የማይክሮሶፍት የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም) የምትጠቀሙ ከሆነ ዩኤስቢውን እንዲህ በቀጥታ ማስረከብ አይቻልም። ለዚህ ሥራ ቨርቹዋልቦክስ ወይም ቪኤምዌር ያዙ።

መብራት በየጊዜው በሚሄድበት ሰፈር ደግሞ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባትሪ) ወደ ማሽን ኮንትሮለር፣ ማለትም ማሽኑን ወደሚያዝዘው ሰሌዳ፣ ፕሮግራም መጻፍ ከሁሉም የከፋ ስህተት ነው። ዴስክቶፕ ባትሪ የለውም፤ ግማሽ ላይ የተቋረጠ ፕሮግራም ማሽኑን ሊያቆመው ይችላል። ኮምፒውተሩ በራሱ ስሊፕ እንዳይገባ አድርጉ፤ መረጃ እየተላለፈ ቨርቹዋል ማሽኑን ሴቭ ስቴት (ያለበትን ሁኔታ አስቀምጦ ማቆም) አታድርጉት።

የመጨረሻው፣ ኬብሉን ሳይፈትሹ የማሽኑን ሴቲንግ መነካካት ነው። ኬብሉን ከማሽኑ ንቀሉና ዘጠኝ ፒን ባለው ጫፉ ላይ 2ኛውንና 3ኛውን ፒን በቀጭን ሽቦ አገናኙ። ተርሚናል ከፍታችሁ ፍሎው ኮንትሮሉን (የመረጃውን ፍሰት የሚቆጣጠረውን ሴቲንግ) አጥፉና አንድ ፊደል ጻፉ፤ የጻፋችሁት ተመልሶ ስክሪኑ ላይ መታየት አለበት። ሽቦውን ስታነሱ ደግሞ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ የምታዩት የተርሚናሉን የራሱን ኢኮ (የጻፋችሁትን ራሱ መልሶ ማሳየቱን) ነው። መጀመሪያ ዋናው ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት፣ ዝጉት፣ ከዚያ ኤክስፒ ውስጥ በሃይፐርተርሚናል (የኤክስፒ የራሱ ተርሚናል) ድገሙት። ዋናው ላይ እምቢ ካለ ኬብሉን ወይም ድራይቨሩን እዩ። ዋናው ላይ መጥቶ ኤክስፒ ውስጥ ከጠፋ ችግሩ ቨርቹዋል ማሽኑ ጋ ነው። ሁለቱም ጋ ከመጣ የባውድ ሬቱን (የመረጃውን ፍጥነት) በሶፍትዌሩና በማሽኑ ላይ አስተያዩ፤ ማሽኑ የሚፈልገው ቀጥታ ኬብል ይሁን የተሻገረ (2ኛውና 3ኛው ፒን የተለዋወጡበት) ማኑዋሉ ላይ እዩ።