መኪና ሲበላሽ ጉዳቱን የሚያባብሱ ስህተቶች

መንገድ ላይ የሚያጋጥመው ብልሽት አብዛኛው ተጠግኖ የሚያልፍ ነው። የተነፈሰ ጎማ ይቀየራል፣ የደከመ ባትሪ ይነሳል፣ የጎደለ ውሃ ይሞላል። ሰው የሚቃጠለው፣ ጣት የሚቆረጠው፣ ሞተር የሚነክሰው (ተጣብቆ መዞር የሚያቆመው) ብዙ ጊዜ ከብልሽቱ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ፣ መጀመሪያ መደረግ ያለበት ኋላ ሲደረግ ነው። ስለዚህ እዚህ የምንዘረዝራቸው ስህተቶች በአብዛኛው የቅደም ተከተል ስህተቶች ናቸው።

በቆሙበት ወርዶ ኮፈን መክፈት

መኪናው ሲያስቸግር ባለበት አቁሞ መውረድ የተለመደ ነው። ሞተሩ እስከሠራ ድረስ፣ ወይም ጠፍቶም መኪናው እየተንከባለለ ከሆነ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብርተው ከመንገዱ ጠርዝ ውጭ ያስወጡት። ጎማ ተንፍሶ ከሆነ ቸርኬው ቢጎዳም እንኳ ጥቂት ሜትሮችን ቀስ ብሎ መንዳት ከኩርባ ላይ ከመቆም ይሻላል፤ ቸርኬ ይተካል። ሲወርዱ መኪና በማያልፍበት በኩል ይውረዱ። አንጸባራቂውን ባለሦስት ማዕዘን ምልክት ከ50 እስከ 100 ሜትር ወደ ኋላ ወስደው ያቁሙ፤ ኩርባ ወይም ዳገት ካለ ምልክቱ ከኩርባው በፊት መታየት አለበት። ከኋላ የመጣ መኪና ቢገጭ የእርስዎ መኪና ወደ ፊት ስለሚገፋ ከፊቱም ከኋላውም አይቁሙ፤ ተሳፋሪዎችም ከመንገዱ ራቅ ብለው ይጠብቁ።

የጋለ ራዲያተር መክፈት

የሙቀት መጠቆሚያው ቀዩን ሲነካ የብዙ ሰው እጅ የሚሄደው ወደ ራዲያተሩ ክዳን ነው። ከሁሉም ስህተቶች ቆዳ የሚገፍፈው ይሄኛው ነው። ክዳኑ በአብዛኞቹ መኪኖች 1 ባር አካባቢ ተጨማሪ ግፊት ይይዛል፤ ውስጡ ያለው ውሃ 100 ዲግሪን አልፎም ሳይፈላ የሚቆየው በዚህ ግፊት ነው። ክዳኑ ሲላላ ግፊቱ ይወርዳል፣ ውሃውም በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትና ደረት ላይ ይፈነዳል። ጨርቅ መያዝ ብቻውን ከዚህ አያድንም።

ሙቀቱ ሲጨምር ኤሲውን ያጥፉ፤ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱት። ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል፤ አመቺ ቦታ እስኪደርሱ ድረስ ጊዜ ይሰጥዎታል። ከዚያ ያቁሙና ሞተሩን ያጥፉ። እንፋሎት እየወጣ እያለ ኮፈኑን አይንኩት። ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ የተሻለው ደግሞ አንድ ሰዓት ይጠብቁ። ኮፈኑን ከከፈቱ በኋላ ከራዲያተሩ ላይኛው ጫፍ የሚወጣውን ወፍራም የጎማ ቱቦ በጨርቅ ይጫኑት፤ ተወጥሮ እጅዎን መልሶ ከገፋ ውስጡ ገና ግፊት አለ ማለት ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ቬንትሌተር ሞተር ጠፍቶም በራሱ ሊነሳ ስለሚችል ጣትዎን ከዚያ አካባቢ ያርቁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ስህተት የራሱ መዘዝ አለው፦ ገና ባልበረደ ሞተር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፤ በእሱና በሞተሩ ብሎክ (ዋና አካል) መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም ይበላሻል። ከዚያ በኋላ የሚታዩት ምልክቶች የታወቁ ናቸው። የትም ሳይፈስ ውሃ ይጎድላል፣ ከማርሚታው ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ይወጣል፣ የሞተር ዘይቱ ነጣ ብሎ አረፋ ይይዛል። አንዱን እንኳ ካዩ መኪናውን አስነስተው ወደ ጋራዥ አይንዱት፤ ያስጎትቱት።

ንጹህ ውሃ ለአደጋ ጊዜ ይሆናል፤ ለዘለቄታው ግን ዝገትና ጨው ያስቀራል። ከጥገናው በኋላ መኪናው የሚፈልገው ዓይነት ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ተቀላቅሎ ይሞላ።

መኪናው ከተነሳ በኋላ ዳዶ ማላላት

ክሪክ መኪና ለማንሳት እንጂ ይዞ ለማቆየት አልተሠራም። የጠነከረ ዳዶ (የጎማ ማሰሪያ ፍሬ) ለመፍታት የሚደረገው ግፊት መኪናውን ስለሚወዘውዘው፣ ጎማው አየር ላይ እያለ ከተደረገ ክሪኩ ይንሸራተታል። ስለዚህ ጎማው መሬት ላይ እያለ እያንዳንዱን ዳዶ ግማሽ ዙር ያህል ያላሉ፤ ሙሉ በሙሉ አይፍቱ። ከዚያ በኋላ ያንሱ።

ከማንሳትዎ በፊት ሰው ሁሉ ይውረድ። የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፤ ማንዋል ከሆነ አንደኛ ማርሽ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ ያድርጉት። ቀጥሎ ከሚነሳው ጎማ በሰያፍ ትይዩ ያለውን ጎማ ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ይያዙት። ይህ ድንጋይ ለይስሙላ አይደለም። የእጅ ፍሬን በአብዛኞቹ መኪኖች የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ከኋላ ጎማዎች አንዱ ሲነሳ መሬት ላይ ያለው መያዣ በግማሽ ይቀንሳል። ክሪኩን ከበሩ ሥር ባለው፣ ለዚሁ ተብሎ በተጠናከረው ቦታ ላይ ብቻ ያስቀምጡት፤ መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ያንጥፉ።

በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም አይግባ። የወደቀ ዳዶ ለማንሳትም ቢሆን እጅዎን አይስደዱ። የዘይት ክሪክ ጎሚኒው (ዘይቱን የሚይዘው ላስቲክ) ካረጀ ሳያስጠነቅቅ ይወርዳል። ከሥር መሥራት ግድ ከሆነ መኪናው በብረት መደገፊያ ላይ ይቀመጥ። ጎማ ብቻ በሚቀየርበት ጊዜም የተፈታውን ጎማ በበሩ ሥር አጋድሞ ማስገባት ጥሩ ልማድ ነው፤ ክሪኩ ቢከዳ መኪናው ጎማው ላይ ያርፋል።

ዳዶዎቹን ሲመልሱ ሾጣጣው ጎናቸው ወደ ቸርኬው ይዙር። መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያም በመፍቻ፣ አንዱን ካጠበቁ በኋላ ወደ ትይዩው እየዘለሉ ያጥብቁ፤ በዙሪያ በተርታ ከሆነ ቸርኬው አዘንብሎ ይቀመጣል። የመጨረሻው ማጥበቅ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ነው። መፍቻው ላይ ቆሞ መዝለል ብሎኑን ይስበዋል፤ ለብዙ አነስተኛ መኪኖች ከ100 እስከ 120 ኒውተን ሜትር በቂ ነው፤ ትክክለኛው ልክ በመመሪያው ላይ አለ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይሞክሯቸው። ተለዋጩ ቀጭን ዓይነት ጎማ ከሆነ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳም። ብዙ ጊዜም የሚፈልገው የነፋስ ግፊት 60 ፒኤስአይ ሲሆን፣ ለዓመታት ሳይታይ ስለሚቀመጥ በሚያስፈልግበት ቀን ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ጥቁሩን ገመድ በደከመው ባትሪ ላይ ማሰር

ባትሪ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ ሃይድሮጅን ደግሞ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ከሌላ መኪና ሲያስነሱ ብልጭታው የሚመጣው በመጨረሻው ገመድ ላይ ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው ገመድ ከባትሪው መራቅ አለበት። ቀዩን መጀመሪያ በደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ጫፍ በጤነኛው ፖዘቲቭ ያስሩ። ጥቁሩን በጤነኛው ኔጋቲቭ ያስሩና የቀረውን ጫፍ በደከመው መኪና ሞተር ላይ ባለ ቀለም ያልተቀባ ብረት ይያዙት። ከተነሳ በኋላ በተቃራኒው ቅደም ተከተል ይፍቱ። ሁለቱ መኪኖች እንዳይነካኩ። የጭነት መኪና 24 ቮልት ከሆነ ለ12 ቮልት መኪና ፈጽሞ አይሆንም። ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ባትሪም አይሞከርም።

ባትሪ ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቀድማል፣ ሲታሰር ይከተላል። ፖዘቲቩ ቀድሞ ሲፈታ መፍቻው ቦዲውን ከነካ ኮርቶ (የኤሌክትሪክ መገናኘት) ይፈጠራል፤ ቀለበት ያደረገ ጣት በዚህ ክፉኛ ይቃጠላል። ሞተር ጠፍቶ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ የሚያሳይ ባትሪ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ በግማሽ ወርዷል። ሞተሩ እየሠራ በአብዛኛው ከ13.8 እስከ 14.5 ካላሳየ ችግሩ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ወይም እሱን የሚያዞረው ቀበቶ (ቺንጊያ) ጋ ስለሚሆን አዲስ ባትሪ መግዛት አይፈታውም።

ቁልቁለት ላይ ማርሽ ማውጣት

ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ መኪናን በዜሮ ቁልቁል መልቀቅ ሥራውን ሁሉ ፍሬን ላይ ይጥላል። የፍሬን ሸራው ይግላል፣ የመያዝ ኃይሉ ይደክማል፣ ቀጥሎም የፍሬን ዘይቱ ይፈላል። ፈሳሽ አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ የሚገባው ለዚህ ነው። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቁልቁለቱን ሳይጀምሩ ማርሽ ይቀንሱ።

ፍሬን ከጠፋ ፔዳሉን በፍጥነት ደጋግመው ይርገጡ፤ ጥቂት ግፊት ሊመለስ ይችላል። ማርሽ በየተራ ወደ ታች ያውርዱ። የእጅ ፍሬኑን አዝራሩን ተጭነው እንደያዙ ቀስ በቀስ ይሳቡ፤ በአንድ ጊዜ ከተሳበ የኋላ ጎማዎች ይቆለፉና መኪናው ይሽከረከራል። ሞተሩን አያጥፉ፤ መሪው ይከብዳል፣ ቁልፉ ከተነቀለ ደግሞ ሊቆለፍ ይችላል።

የፍሬን ዘይት ሲጎድል የሞተር ዘይት መጨመር ደግሞ ቀስ ብሎ የሚገድል ስህተት ነው። የማዕድን ዘይት የፍሬኑን ጎሚኒዎች ያሳብጣል፤ ጥቂት ጠብታ ከገባ መሥመሩ በሙሉ ታጥቦ ጎሚኒዎቹ መቀየር አለባቸው። ዘይቱ የጎደለው ሸራው ስላለቀ ወይም የሆነ ቦታ ስለሚያፈስ ነውና መሙላት ብቻውን መልስ አይሆንም።

በጋለ ጎማ ላይ ነፋስ መለካት

ሲነዱ የቆዩት ጎማ በሙቀት ግፊቱ ይጨምራል፤ «በዛ» ብሎ ማስተንፈስ ሲበርድ ጎማውን ዝቅተኛ ያደርገዋል። ዝቅ ያለ ጎማ ጎኑ ስለሚታጠፍ ይግላል፤ በፍጥነት ላይ የሚፈነዳውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ጠዋት ሳይነዱ ይለኩ። ልኩ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፤ ጎማው ላይ የተጻፈው ከፍተኛው ወሰን ነው። ከፈነዳ ፍሬን አይርገጡ፤ መሪውን በሁለት እጅ አጥብቀው ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ነዳጁን ቀስ ብለው ይልቀቁ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ዳር ይውጡ።

ቀዩን የዘይት መብራት «እስክደርስ» ማለት

ቀዩ መብራት የሚናገረው ስለ ዘይት ግፊት ነው። ያለ ግፊት ብሮንዚናዎቹ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርባቸው ቀለበቶች) ብረት ለብረት ይፋጫሉ፤ ሞተር ለመንከስ ደቂቃዎች ይበቁታል። ወዲያው ያጥፉ። ሜዳ ቦታ ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቀው ሊቬሎውን (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) ያውጡ፣ ይጥረጉ፣ መልሰው ያስገቡና ያንብቡ። በታችና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው በብዙ መኪኖች 1 ሊትር ያህል ስለሆነ ሩብ ሩብ ሊትር እየጨመሩ ይለኩ። ከላይኛው ካለፈ ኮሎው (የሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) ዘይቱን መትቶ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ አያለሰልስም። ልኩ ሙሉ ሆኖ ሞተሩ ሲነሳ መብራቱ ካልጠፋ ወዲያው ያጥፉት፤ ደግመው አያስነሱት።

ጭስ ሲታይ ኮፈኑን ብድግ ማድረግ

የላስቲክ ወይም የነዳጅ ሽታ ያለው ጭስ ከኮፈን ሥር ከወጣ ሞተሩን አጥፍተው ሁሉንም ያስወርዱ። ኮፈኑ ሲከፈት እሳቱ አየር ያገኝና ወደ ፊት ይነድዳል። የውስጡን መክፈቻ ብቻ ስበው በተፈጠረው ክፍተት ማጥፊያውን ይርጩ፤ አነስተኛ የዱቄት ማጥፊያ የሚቆየው ወደ 10 ሰከንድ ነው። በዚያ ካልጠፋ፣ ወይም እሳቱ ወደ ነዳጅ ታንኩ ከሄደ፣ ዕቃ ለማውጣት ሳይመለሱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቁና እሳት አደጋ ይጥሩ።