የጨረቃ ሌሊትና ከብቶች በዘይት ቀለም፦ ችግርና መፍትሄ

በጨረቃ ብርሃን የሚግጡ ከብቶችን በዘይት ቀለም የሚስል ሰው ሥራው እምቢ ሲለው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሰማያዊውን ቀለም ነው። ሰማያዊ ይጨምራል፤ ሥዕሉ ግን ይብስበታል። እኔ እንደማየው ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከቀለሙ ዓይነት ይልቅ በድምቀቱ መጠን ላይ ነው።

ችግር፦ ሥዕሉ ሰማያዊ የተቀባ ቀን ይመስላል

ምክንያት፦ የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ከፀሐይ ብርሃን 400,000 ጊዜ ያህል ይደበዝዛል። እንዲህ ባለ ብርሃን ዓይናችን ቀለም መለየት ያቅተዋል፤ ቀድሞ የሚጨልምበት ደግሞ ቀይ ነው። ይህን የዓይን ጠባይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያስተዋለው የቼኩ ሳይንቲስት ያን ፑርኪንዬ ነው። ስለዚህ ቀዩ በሬ ይጠቁራል፤ ነጩ በግ ዳለቻ ይሆናል፤ ሣሩም አረንጓዴነቱን ያጣል።

መፍትሄ፦ ሸራውን ከመንካትዎ በፊት አልትራማሪን ሰማያዊንና በርንት አምበርን (ጥቁር ቡናማ ቀለም) ደባልቀው ጥቁር የሚመስል ጨለማ ያዘጋጁ። ከዚያ ነጭ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ አምስት የድምቀት ደረጃ ያውጡ። በጣም ብሩሁን ለጨረቃዋና ለውሃው ነጸብራቅ ብቻ ያስቀምጡት። መሃል ላይ ድምቀቱን ለመፈተሽ ሥዕሉን በስልክ አንስተው ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡት፤ ነገር ግን ስልኩ ጨለማውን በራሱ እንዳያፈካው ናይት ሞዱን ያጥፉ።

ችግር፦ በጎቹ ከሌላ ሥዕል ተቆርጠው የተለጠፉ ይመስላሉ

ብዙዎች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም እጃችን ያየነውን ትቶ የምናውቀውን ይስላል። በግ ነጭ ነው ብለን ስለምናምን ነጭ እንቀባዋለን። ጨረቃዋ ከመንጋው በስተጀርባ ካለች ግን ወደ እኛ የዞረው ጎናቸው ጨለማ ነው። ብርሃን የሚያገኘው የጀርባቸው ጠርዝ፣ የጆሯቸው ጫፍና የጸጉራቸው ዳር ብቻ ነው። ጥላቸውም ወደ እኛ ይወድቃል። ጨረቃዋን ከኋላ አስቀምጦ የበጉን ፊት ማብራት ሁለተኛ ጨረቃ ይጠይቃል።

መፍትሄው መንጋውን እንደ አንድ ጨለማ ክምር መጀመር ነው። እግርና ጆሮ አይቁጠሩ። ክምሩ ገና እርጥብ ሳለ የሁለት ወይም የሦስት ጀርባ ብቻ በቀጭን ብሩህ መስመር ያውጡ፤ የቀሩት እዚያው ጨለማው ውስጥ ይተኙ። ሰኮናዎቹን ለይተው ከመሳል ይልቅ ከሣሩ ጋር በደረቅ ብሩሽ ያዋህዷቸው፤ ሆዳቸው ሥር ያለው መሬት ከሁሉ ይበልጥ ይጨልም። እንስሳው መሬት የሚረግጠው ያኔ ነው። ዓይን መሳል ካማረዎት ይተዉት፤ በዚህ ርቀትና ብርሃን አይታይም።

ችግር፦ ጨረቃዋ በሸራው ላይ የተበሳ ቀዳዳ ትመስላለች

ምክንያቱ ጠርዟ መሰላቱ፣ ከልክ በላይ መተለቋና ንጹሕ ነጭ መሆኗ ነው። እጅዎን ዘርግተው በትንሿ ጣትዎ ጫፍ ቢሸፍኗት ትሰወራለች፤ ያን ያህል ትንሽ ናት። ነጩ ላይ ቅንጣት ቢጫ ይጨምሩ፤ ዙሪያዋን ያለውን ሰማይ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ እርጥቡን በእርጥብ ላይ፣ ቀስ በቀስ እያጨለሙ ይውጡ። ሠዓሊው አርኪፕ ኩዊንጂ በ1880 «የጨረቃ ሌሊት በድኒፐር ወንዝ ላይ» የተባለውን ሥዕሉን ለብቻው፣ በጨለመ አዳራሽ ውስጥ በመብራት ነበር ያሳየው። ጨረቃን የሚያበራት በዙሪያዋ ያለው ጨለማ መሆኑን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ችግር፦ ጨለማው ክፍል ደርቆ አመድ መስሏል፣ ወይም ተሰነጣጥቋል

አመድ የመሰለው ከሥር ያለው ንብርብር ዘይቱን ስለመጠጠው ነው። በደንብ ሲደርቅ በጣም ስስ የተልባ ዘይት ይቀቡትና ትርፉን በጨርቅ ይጥረጉ። ስንጥቁ የሚመጣው ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ቀስ ብሎ በሚደርቅ ላይ ሲደረብ ነው። አይቮሪ ጥቁር ይዘገያል፣ አምበር ይፈጥናል፤ ስለዚህ የታችኛውን ንብርብር በአምበር ይሥሩ፤ ዘይቱንም ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ይጨምሩ።

ችግር፦ ማታ ያማረው ጠዋት ሰማያዊነቱ ይጮኻል

ቢጫ አምፖል ሰማያዊን ስለሚያደበዝዝ ሳይታወቅዎት ጨምረዋል። 5,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ገደማ የሆነ ነጭ መብራት ይጠቀሙ፤ ሸራውና ቀለም የሚደባልቁበት ፓሌት እኩል ይብራላቸው።