ለሐዋሳ ሐይቅ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ እንዴት ይመረጣል?

ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ዘንግ ገዝቶ ሲያበቃ ነው መንጠቆ የሚፈልገው። አካሄዱ መገልበጥ አለበት፤ ዓሣው መንጠቆውን፣ መንጠቆው ክሩን፣ ክሩ ዘንጉን ይወስናል። ስለዚህ ከቤት ሳይወጡ ቆሮሶ ወይስ አምባዛ እንደሚፈልጉ ይቁረጡ። በዝንብ ቅርጽ የተሠራው መንጠቆ ለባሌ ወንዞች ትራውት እንጂ ለዚህ ሐይቅ አይመከርም፤ የቆሮሶ ዋና ምግብ አልጌ ነው።

መንጠቆ፦ ቁጥሩ ሲጨምር መጠኑ ያንሳል። የቆሮሶ አፍ ትንሽ ስለሆነ 8 ወይም 10 ቁጥር ይስማማዋል። ከዚያ ከተለቀ ትሉ ዳር ዳሩን ይለቀምና መንጠቆው ባዶውን ይመለሳል። ለአምባዛ ከ1/0 እስከ 3/0 ይያዙ፤ እዚህ ላይ ግን ቁጥሩ ሲያድግ መንጠቆውም ያድጋል። ጫፉን ጥፍርዎ ላይ ቀስ አድርገው ያስኪዱት፤ ካንሸራተተ ደንዟል።

ክር፦ ለቆሮሶ ከ0.20 እስከ 0.25፣ ለአምባዛ ከ0.40 እስከ 0.50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ናይለን ይበቃል። ፀሐይ ላይ የከረመ ጥቅልል ይደክማል፤ ሁለት ክንድ ያህል ፈትተው ጎትተው ይሞክሩት።

ዓሣ በብዛት የሚያመልጠው ቋጠሮው ላይ ነው። ክሩን በመንጠቆው ዓይን ያሳልፉ፣ ጫፉን በዋናው ክር ዙሪያ 5 ጊዜ ይጠምጥሙ፣ መልሰው ከዓይኑ አጠገብ በተፈጠረው ቀዳዳ ያስገቡ፣ በምራቅ አርሰው ቀስ ብለው ያጥብቁ። በደረቁ ከሳቡት ሰበቃው ናይለኑን ያሞቀዋል፤ በኋላም የሚበጠሰው እዚያው ላይ ነው።

ለቆሮሶ ትንሽ ቡሽ ያስሩ፤ ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ከፍ ብለው ደቃቅ እርሳስ ይጨምሩ፣ የቡሹ ጫፍ ብቻ እስኪታይ ድረስ። ቡሹ ከፍ ብሎ ከተንሳፈፈ ዓሣው ሲስበው ይከብደውና ይተፋዋል። አምባዛ ከወለል ስለሚለቅም ቡሽ ትተው ከባድ እርሳስ ይጠቀሙ።

ሊጥ የሚጠቀሙ ከሆነ የስንዴ ዱቄቱን እጅ እስከማይዝ ድረስ አጠንክረው ያቡኩት፤ ትንሽ የተበጠረ ጥጥ ካሹበት ውሃ ውስጥ ቶሎ አይፈርስም። መጠኑ የሽምብራ ፍሬ ያህል ይሁን።

ዘንግ፦ ቀጥ ያለ፣ የደረቀ፣ ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚሆን ቀርከሃ። ርዝመቱ የዳርቻውን ሣር ተሻግሮ ይደርሳል፤ ሐይቁ ቢልሃርዚያ ስላለበት ውሃው ውስጥ መቆም አያሻም። ክሩን ከጫፉ ግማሽ ሜትር ዝቅ ብለው አስረው እስከ ጫፉ ይጠምጥሙት፤ ጫፉ ቢሰበር እንኳ ዓሣው ከነክሩ አይሄድም።

በበልግ ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ስለሚል ከ12 እስከ 3 ሰዓት ቡሹ በደንብ ይታያል። አምባዛ ሲመሽ ይሻላል፤ ነገር ግን ጉማሬም ለግጦሽ የሚወጣው ያኔ ነውና ቄጠማ መሀል አይቀመጡ። ፒንሳና ወፍራም ጨርቅ አይርሱ፦ አምባዛ በሁለቱ የጎን ክንፎቹ ላይ የሚወጋ እሾህ አለው፣ አየር ስለሚተነፍስም ከውሃ ወጥቶ ረጅም ጊዜ ይንፈራገጣል።